ከአምስት ኪሎ ወደ አራዳ፤ ከምህንድስና ዲግሪ በኋላ ያለው መንገድ

የመመረቂያ ጊዜ በቀረበ ቁጥር በእኛ በምህንድስና ተማሪዎች መካከል አንድ ክርክር ይነሣል። ሥራ ይሻላል ወይስ ሁለተኛ ዲግሪ? ክርክሩ በሻይ ቤት ይጀመራል፤ በመኝታ ቤት ይቀጥላል፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ "ኧረ እባካችሁ አስተኙን!" የሚል ድምፅ ካላቋረጠው በቀር ማብቂያ የለውም። አንዱ "ሥራው የታለና ነው የምትመርጡት?" ይላል። ሌላው "አባቴ አምስት ዓመት ጠብቆኛል፤ ደግሞ ሁለት ዓመት ይጠብቀኝ ልበል?" ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ግን ሁለቱም ነገሩ በእኛ ዘመን የተጀመረ ይመስላቸዋል። ይህ ጥያቄ ዕድሜ አለው፤ ሰፈርም አለው። ሰፈሩ ከግቢያችን ቁልቁል፣ አራት ኪሎን አልፎ፣ የራስ መኰንንን ድልድይ ተሻግሮ የሚገኘው አራዳ ነው። መሐንዲስን የሚቀጥሩ፣ የሚያስተምሩ፣ አንዳንዴም የሚጥሉ መሥሪያ ቤቶች ታሪክ በአብዛኛው ከዚያ ይነሣል። እስቲ እንከተለው። (ዓመተ ምሕረቱ ሌላ ካልተጠቀሰ በቀር በእኛ አቆጣጠር ነው።)

አዲስ አበባ ገና ሳትቆረቆር፣ በ1871 ዓ.ም.፣ አንድ ወጣት ስዊስ ሸዋ ገባ። አልፍሬድ ኢልግ ይባላል። ዙሪክ ከሚገኘው ፖሊቴክኒክ ተመርቆ ከወጣ ብዙም አልቆየም። በአገሩ ፋብሪካና ሐዲድ ሞልቶ ሳለ ከንጉሥ ምኒልክ ዘንድ ሥራ ፍለጋ መጣ። ንጉሡ መጀመሪያ ያዘዙት ጫማ እንዲሠራ ነበር ይባላል። የፖሊቴክኒክ ምሩቅ ጫማ ሰፊ! ዛሬ ከእኛ አንዱ እንዲህ ቢባል ምን እንደሚል እናውቃለን። ኢልግ ግን ሰፋ፤ ቆየ፤ ከዚያም ከእንጦጦ ወደ ቤተ መንግሥት ውኃ በቧንቧ አወረደ፤ በ1886 የምድር ባቡሩን ፈቃድ ተቀበለ፤ በኋላም የምኒልክ የውጭ ጉዳይ አማካሪ እስከ መሆን ደረሰ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ኢልግ ዙሪክ ያረፈው በ1908 ስለሆነ አላየውም።

በዚያው ዘመን አውሮጳም ቢሆን በዚህ ጉዳይ አንድ ሐሳብ አልነበራትም። እንግሊዞች መሐንዲስ የሚወጣው ከሥራ ቦታ ነው ባዮች ነበሩ። ልጁ ገንዘብ ከፍሎ በአንድ ስመ ጥር መሐንዲስ ሥር ይገባና ጭቃውን እየረገጠ ዓመታት ይማራል። ፈረንሳዮች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1747 የድልድይና የመንገድ ትምህርት ቤት፣ በ1794 ኤኮል ፖሊቴክኒክን አቁመው "አስቀድሞ ሒሳብ!" አሉ። እ.ኤ.አ. በ1855 የተከፈተው የዙሪኩ ትምህርት ቤትም የዚህኛው ወገን ነው። እንግዲህ እኛ በመኝታ ቤት የምንጨቃጨቅበት ነገር የእንግሊዝና የፈረንሳይ የድሮ ጠብ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ወደ አራዳ እንመለስ። በምኒልክ ዘመን አራዳ ማለት ገበያ ነው፤ ከገበያው በላይ ጊዮርጊስ፣ ዙሪያውን የግሪክ፣ የአርመንና የሕንድ ሱቆች፣ ከ1898 ጀምሮ ደግሞ የአቢሲኒያ ባንክ። አዲስ ነገር ሁሉ አስቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ የሚገነባው ማን ነበር? የውጭ ሰው። አራዳ ጊዮርጊስን ካነጹት መካከል ሴባስቲያኖ ካስታኛ የተባለ፣ ዓድዋ ላይ ተማርኮ እዚሁ የቀረ ጣሊያናዊ ይገኝበታል። በ1901 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሁሉ አብልጦ ያስተማረው ቋንቋ ነው፤ ያወጣውም አስተርጓሚና ጸሐፊ ነው። ይህን የምንለው ለመንቀፍ አይደለም። መንግሥት በዚያን ጊዜ ያጣው ከውጭ አገር ሰው ጋር ተነጋግሮ ውል የሚዋዋልለትን ሰው ነበርና። መሐንዲስ መሆን ለሚፈልግ ልጅ ግን ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ባሕር ማዶ።

ከዚያ መንገድ ታሪክ ውስጥ ሁላችንም ልናውቀው የሚገባ የሁለት ወንድማማቾች ነገር አለ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በልጅነታቸው ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዞች እጅ ወደ ሕንድ ሄደው ያደጉ፣ ሕክምና ተምረው በስተርጅና ለአገራቸው የበቁ ሰው ናቸው። በ1917 የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት የመሩትም እሳቸው ናቸው። ልጆቻቸውን ቢንያምንና ዮሴፍን ወደ እንግሊዝ አገር ልከው ሎፍቦሮ በሚባለው ኮሌጅ ምህንድስና አስተማሩ። የፋሽስት ጦር ሲመጣ አባት ለንደን ላይ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። ልጆቹ እዚያው ቢቆዩ ማን ይወቅሳቸው ነበር? ትምህርትም ሥራም እንግሊዝ አገር አለ። እነሱ ግን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከተማዋ በሚያዝያ 1928 ከተያዘች በኋላ ወደ ምዕራብ ሄደው ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር ተሰለፉ፤ ከራስ እምሩ ወገን ጋርም ተያዙ። በየካቲት 12 ቀን 1929 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የተማረ ሰው እየተለቀመ ሲገደል እነሱም ተገደሉ።

ቢንያምና ዮሴፍ አንድ ድልድይ እንኳን አልሠሩም፤ ጊዜ አላገኙም። በዚያ ዓመት የጠፋው የሁለት ሰው ሕይወት ብቻ አይደለም። በውጭ አገር ተምረው የተመለሱት ጥቂቶች ካለቁ በኋላ አገሪቱ እንደ ገና ከፊደል መጀመር ነበረባት። ጣሊያን አራዳን "ፒያሳ" ብሎ ሰየመው፤ ጊዮርጊስን አቃጠለ፤ ገበያውን ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ አዛወረ። ስሙ ከባለቤቱ ይልቅ ዕድሜ አገኘና እኛም እስከ ዛሬ ፒያሳ እንላለን።

ከነፃነት በኋላ ያለውን ዘመን ጠጋ ብለን ልናየው ይገባል፤ የክርክራችን ቁልፍ ያለው እዚያ ይመስለናልና። በ1934 የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1943 የዩኒቨርስቲ ኮሌጅ፤ በ1945 የምህንድስና ኮሌጅ። ኮሌጁ መጀመሪያ የሁለት ዓመት ትምህርት ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ አራት ዓመት ሆነ፤ ኋላም አምስት። በ1947 በስዊድን እርዳታ የሕንፃ ኮሌጅ ተጨመረ። ሁለቱ በ1960ዎቹ መግቢያ ተቀላቅለው ቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ሲባሉ ሰሜን ግቢና ደቡብ ግቢ የሚለው አጠራር መጣ። እነዚህን ዓመታት ሁሉም የግቢ ልጅ ያውቃቸዋል። ብዙ የማይነገረው ተመራቂው ከበር ሲወጣ ምን ይጠብቀው እንደነበር ነው።

ይጠብቀው የነበረው ሌላ ትምህርት ቤት ነው፤ በመሥሪያ ቤት ስም። በ1943 ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ የመጀመሪያውን ብድር ስትቀበል 5 ሚሊዮን ዶላሩ ለመንገድ ነበር። በዚያው ዓመት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ሥራውን ለመምራትም ከአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ መሐንዲሶች መጡ። ከአምስት ኪሎ የወጣው ልጅ ከእነሱ ጎን ይሰለፋል። ቅየሳ ይወጣል፤ አፈር ይመረምራል፤ ድንኳን ውስጥ ያድራል፤ ያጠፋውን አለቃው በቀይ እርሳስ ያርምለታል። በ1945 የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ፣ በ1948 ደግሞ የመብራት ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋሙ። መብራት ኃይል ለብዙ ዓመት ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ፒያሳ ነበር። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ሲመረቅ የኢትዮጵያ ልጆች ተርባይን እንዴት እንደሚነሣ በእጃቸው ነክተው ያዩበት ጊዜ ነው። ጥቂት ዓመት ቆይቶም ማዘጋጃ ቤቱ ከጊዮርጊስ በታች ትልቁን ሕንፃውን አገኘ። ከግቢያችን በእግር የሚደረስበት ቦታ ሁሉ መሐንዲስ ይፈልግ ነበር ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ አገር ውስጥ በምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪ የሚሰጥ የለም። ስለዚህ ነገሩ የሚሄደው በተራ ነው። መጀመሪያ ሥራ፤ ሁለት ሦስት ዓመት ከተሠራ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ወይም አንድ የውጭ መንግሥት የትምህርት ዕድል ይሰጣል፤ ሰውዬው አሜሪካ ወይም አውሮጳ ሄዶ ይማራል። ሲሄድ የሚጠይቀውን ያውቃል። የጥቁር አፈር መንገድ ክረምት በመጣ ቁጥር ለምን እንደሚሰነጠቅ አይቷል፤ እዚያ ያለው ፕሮፌሰር ላያውቀው ይችላል። ሁለተኛ ዲግሪ ማለት ከሥራ የተወሰደን ጥያቄ ይዞ ትምህርት ቤት መሄድ ነበር።

ይህን ስንል ዘመኑን ልናሞግሰው አይደለም። ዕድሉን የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ ሴት መሐንዲስ ማየት ብርቅ ነበር፤ የገበሬው ልጅ አምስት ኪሎ ለመድረስ ስንት ወንፊት ማለፍ ነበረበት። የሄደውም ሁሉ አልተመለሰም። ከባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የወጣው ክታው እጅጉ እዚህ አዲስ አበባ ሠርቶ፣ ከዚያ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ጃፓን፣ ቀጥሎም ወደ አሜሪካ ሄዶ የጠፈር ሳይንስ መሐንዲስ እስከ መሆን ደረሰ። የሚያኮራ ነው፤ ግን ያ እውቀት የዋለው ለሌላ አገር መንኮራኩር ነው። በመካከሉ ደግሞ ከ1957 ጀምሮ የዩኒቨርስቲ አገልግሎት የሚባል ነበር። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ አገር ወርዶ እንዲያገለግል ግዴታ ነው። ብዙው ያስተማረ ቢሆንም አገሩን አይቶ ተመለሰ። ዛሬ "አፓረንትሺፕ" እያልን ወረቀት ለማስፈረም ብቻ ከምንሮጥበት ጋር ሲተያይ ምንኛ የተለየ ነው!

ከ1966 በኋላ ምርጫ የሚባለው ነገር ራሱ ጠፋ። በታኅሣሥ 1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ታውጆ ዩኒቨርስቲው ተዘጋ። ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። ያኔ ከአምስት ኪሎ ተነሥቶ ፒያሳ በሰላም ደርሶ መመለስ ራሱ አንድ ነገር ነበር። ብዙዎቹ ዲግሪም ሥራም ሳያዩ ቀሩ፤ የብዙዎቹ ስም እንኳ በሬጅስትራር መዝገብ ላይ ሳይጨርስ እንደቆመ ነው።

የሚገርመው፣ የዩኒቨርስቲው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተቋቋመው በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ታሪክ አንዳንዴ ይቀልዳል፤ ሁለተኛ ዲግሪ አገር ውስጥ ሲመጣ ሥራ የመምረጥ መብት ሄደ። በደርግ ዘመን ተመራቂ በመንግሥት ይመደባል። ስም ዝርዝሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ እገሌ አሰብ፣ እገሌ መተሐራ፣ እገሊት እዚሁ። የሚያለቅስ አለ፤ የሚስቅ አለ፤ ሥራ የሚያጣ ግን የለም። ከሶቪየት ኅብረት የሚመለሱት ደግሞ ይዘውት የሚመጡት ዲፕሎማ እንደ ማስተርስ ስለሚቆጠርላቸው፣ አምስት ዓመት እዚህ ለፍቶ ባችለር የያዘው ልጅ "ምነው እኛስ!" ማለቱ አልቀረም። ያ ቅሬታ ዛሬም በዕድሜ ከገፉ መሐንዲሶች አፍ ይሰማል።

ከ1983 በኋላ ምደባው ቀረ። ሰሌዳው ቀረ ማለት ግን አይደለም፤ የምደባ ሰሌዳ የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሆነ። አራት ኪሎና ፒያሳ የእግረኛ መንገድ ላይ ጋዜጣ ተከራይቶ ማንበብ የመጣው በዚህ ዘመን ነው። ጋዜጣው የሚገለጠው ለፖለቲካው አይደለም። ተመራቂው ተቀምጦ፣ እስክሪብቶ ይዞ፣ "የሥራ ልምድ፤ 0 ዓመት" የሚለውን ሐረግ ያድናል። ከእኛ የቀደሙት ልጆች "ዜሮ ዓመት" የሚባለው ከእንቁ ይበልጣል ይሉ ነበር።

በ1996 ግድም አዲስ አበባ ውስጥ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ሲጀመር ግን አንድ ነገር ሆነ። እጅግ ብዙ አዲስ ምሩቅ ሳይት ገባ። ልጆቹ ገና ሃያ ሦስት ሃያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ብረት ይቆጥራሉ፤ ኮንክሪት ያስሞላሉ፤ ከማኅበር ሠራተኛ ጋር ይጨቃጨቃሉ። የሥራው ጥራት ብዙ ተብሎለታል፤ ልክም ነው። ግን እንደ ትምህርት ቤት ካየነው ከድሮው አውራ ጎዳና በኋላ ይህን ያህል መሐንዲስ ያስተማረ መሥሪያ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ልዩነቱ በቀይ እርሳስ የሚያርም አለቃ ብዙ ጊዜ አለመኖሩ ነው። በ2000ዎቹ የባቡር ሥራ ሲነሣ ደግሞ የምድር ባቡር ኮርፖሬሽንና የአምስት ኪሎው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተባብረው በባቡር ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪ ከፈቱ። ትምህርትና ሥራ እንደ ድሮው እጅ ለእጅ ለመያያዝ የሞከሩበት ጊዜ ነው። ከመስከረም 2008 ጀምሮ ያ ቀላል ባቡር ከምኒልክ አደባባይ ሥር በዋሻ ያልፋል፤ ኢልግ ያላየውን ሐዲድ አራዳ ከእግሯ ሥር አየች።

ከዚያ ቁጥሩ መጣ። ከ2001 ጀምሮ ወደ ዩኒቨርስቲ ከሚገባው 100 ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማር ተወሰነ፤ የመንግሥት ዩኒቨርስቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ደረሰ። ምህንድስና መማር የጥቂቶች መሆኑ መቅረቱን እንወዳለን። ብዙዎቻችንም ያለዚያ እዚህ አንገኝም ነበር። ነገር ግን በሩን ያሰፋው ሁሉ ከበሩ ወዲያ ያለውን ሜዳ አላሰፋውም። የተመረቀ ልጅ ኮብልስቶን ሲጠርብ ታየ። ሥራው አያሳፍርም፤ አምስት ዓመት የተማረውን ሰው ለዚያ ማዋሉ ግን ያሳስባል። ያን ጊዜ ነው ሁለተኛ ዲግሪ መልኩን የለወጠው። ቀድሞ ከሥራ በኋላ የሚመጣ ነበር፤ አሁን ከሥራ ማጣት መጠለያ ሆነ። ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና፣ ቀጥሎም ወደ ድኅረ ምረቃ የሚያስገባ ሀገር አቀፍ ፈተና ተጨምረዋል።

መጠለያ መፈለግን አንነቅፍም። ዝናብ ሲመጣ ጣራ ሥር የሚቆም ሰው ሰነፍ አይባልም። ሥራ ፈልጎ ላጣ ልጅ ቤት ተቀምጦ የእናቱን ዓይን ከማየት ቤተ ሙከራ ውስጥ ሁለት ዓመት ማሳለፍ ይሻለዋል። የምንከራከረው ሥራ እያገኘ "ማስተርስ ከሌለኝ ማን ያየኛል" ብሎ ለሚተወው ነው። ስለ መዋቅር ተመራምሮ አርማታ ሲሞላ አንድ ቀን ቆሞ ያላየ መሐንዲስ ምን ይጠይቃል? የሌላ አገር መጣጥፍ ውስጥ ያለውን ጥያቄ ይዋሳል። የሙያ ፈቃድ ደረጃም ቢሆን በሥራ ዘመን ይቆጠራል። በዚያ ላይ ማታ ማታ መማር አለ፤ ቀን የሠራ ሰው ማታ የሚጠይቀው ጥያቄ ሌላ ጣዕም አለው።

"ታዲያ ማስተማር የሚፈልግስ?" የሚል ይኖራል። ለእሱ ትምህርቱ ሥራው ነው፤ ይቀጥል። ግን እሱም ቢሆን ሁለት ክረምት ሳይት ውሎ ቢመጣ ነገ የሚያስተምራቸው ልጆች ያመሰግኑታል። ለእኅቶቻችን ነገሩ ከባድ መሆኑንም አንሸፍነውም። ሳይት ላይ ማደሪያና መጸዳጃ ሳይኖር "ልምድ አምጪ" ማለት ዘበት ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪ የሚመርጡት ፈርተው ነው የሚል ሁሉ አንድ ወር እዚያ ይሞክረው።

የመብራት ኃይልን ነገር ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ያደጉት በዚያ ቤት ነው። ግልገል ግቤ ላይ ሠርተው፣ ከዚያም በመጋቢት 2003 የተጀመረውን የሕዳሴ ግድብ በሥራ አስኪያጅነት መሩ። በሐምሌ 2010 መስቀል አደባባይ ላይ ሞተው ተገኙ፤ ግድቡ በጳጉሜን 2017 ሲመረቅ አልነበሩም። ስማቸው ሲነሣ ሰው የሚያወራው ስለ ዲግሪያቸው አይደለም፤ ስለ ጉባ ፀሐይና ከሠራተኛው ጋር ስለ ቆዩበት ዘመን ነው።

በ2016 የኮሪደር ልማት ሲመጣ ዶሮ ማነቂያና ሌላውም የፒያሳ አሮጌ ሰፈር ፈረሰ፤ በየካቲት ወር የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከጊዮርጊስ በታች ተመረቀ። ከመካከላችን በዚያ ሥራ ላይ ሌሊት ሌሊት የዋሉ ልጆች አሉ። ምን እንደ ተማሩ፣ ማን እንዳረማቸው፣ ማን እንዳላረማቸው ቢጽፉልን ለሚቀጥለው እትም ቦታ እንይዝላቸዋለን። በቀድሞው አውራ ጎዳና ወይም በመብራት ኃይል የሠሩ ጡረተኛ አባት ወይም አጎት ያላችሁም፣ ክረምት ቤት ስትገቡ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁልን፤ መጀመሪያ ሥራ ሲገቡ ማን ተቀበላቸው? ስንት ዓመት ቆይተው ለትምህርት ሄዱ? ሲመለሱስ ወንበራቸው ነበር?